ቆርቆሮውን ተዉት፤ መዶሻውን ያዙት!

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው። እኛም ከሥሩ እንነሣ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ የፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይያዝልኝ።)

ቀኑ ኖቬምበር 12 ቀን 2013፣ ዕለቱ ማክሰኞ፣ ቦታው ኒውዮርክ ከተማ፣ ሮክፌለር ሴንተር ነው። ክሪስቲስ የሚባለው ስመ ጥር ጨረታ ቤት አዳራሹን ሞልቶ ያጫርታል። በዚያች አንድ ምሽት ብቻ የ691 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ ተካሄደ። የፍራንሲስ ቤከን ሦስት ሸራዎች በ142 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ዶላር ሄዱ። የጄፍ ኩንስ ብርቱካንማ ውሻ፣ ያ ተነፍቶ የተቋጠረ ፊኛ የሚመስለው የማይዝግ ብረት፣ በ58 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ተሸጠ። በዚያው ምሽት ዶናልድ ጀድ የተባለው አሜሪካዊ በ1963 የሠራው አንድ ዕቃም ለጨረታ ወጣ። ዕቃው ርእስ እንኳ የለውም፤ «ያለ ርእስ» ነው የሚባለው። ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨትና ዚንክ የተነከረ ላሜራ። በቃ! ሰው የለበት፣ ፈረስ የለበት፣ መልአክ የለበት።

አጫራቹ መዶሻውን ሲያሳርፍ ዋጋው 12 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ዶላር ነበር። የቤቱ ኮሚሽን ሲታከልበት ገዢው የሚከፍለው 14,165,000 ዶላር ሆነ። እስከዚያች ምሽት ድረስ ለዚህ ሰው ሥራ በጨረታ ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም ነበር።

ይህንን ወሬ ሻይ ቤት ውስጥ ለወዳጆቼ ባነሣሁት ጊዜ ሳቁ ጣራ ነካ። አንዱ «ምን አለሽ ተራ ልሂድና በአንድ ቀን አሥሩን አሠርቼ ላምጣልህ» አለ። ሌላው «ገንዘቡን ለእኔ ይስጡኝ እንጂ ቤቱንም ክዳኑንም ሠርቼ አስረክባቸዋለሁ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ በአንዲት ቃል ዘጋው፦ «ፈረንጅ አበደ!»

ከጥግ ተቀምጦ ያዳመጠን አንድ የተማረ ሰውም ነበር። እሱ አልሳቀም። ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ «ሥነ ጥበብ ለገባው ነው» ብሎን ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

እኔ ከሁለቱም ወገን የለሁበትም። የሳቁትም፣ ከንፈር የመጠጠውም ዓይናቸውን የተከሉት ብረቱ ላይ ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ጉዱ ያለው ብረቱ ላይ ሳይሆን ብረቱን የሚሸጠው መዶሻ ላይ ነው።

በቆርቆሮ ሠሪ መሳቅ

አስቀድሞ ለሚስቁት። ቆርቆሮ ሠሪን መናቅ እኮ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ማረሻውንና ማጭዱን የሠራለትን ቀጥቃጭ ቡዳ ብሎ የሰደበ፣ ቆዳውን ያለፋለትን ፋቂ ብሎ ያዋረደ ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ አገር የሚጎዳ ሆኖ ስላገኙት ነው። ዛሬም «ይሄማ የላሜራ ሥራ ነው» ብለን ስንስቅ፣ የምንስቀው በአሜሪካዊው አይደለም፤ በገዛ ባለሙያችን ነው። ላሜራ ሳይንጋደድ ማጠፍ፣ ጠርዝን ከጠርዝ ሳይከፈት ማጋጠም፣ ቀለምን ሳይፈስና ሳይቆረፍድ መርጨት ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ ያልሞከረው ሰው ነው የሚስቀው።

ለመሆኑ ይህ ጀድ የተባለው ሰው ማን ነበር? በ1928 ሚዙሪ ውስጥ የተወለደ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ኮሪያ ያገለገለ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና የተማረ፣ በመጽሔት ላይ የሌሎችን ሥዕል እየገመገመ የኖረ ሰው ነው። ሥዕል ጀምሮ ተወው። ሸራ ላይ የሌለውን ጥልቀት እንዳለ አስመስሎ ማሳየት ማታለል መስሎ ታየው። ስለዚህ ቦታ የሚይዝ፣ ክብደት ያለው፣ የሆነውን ብቻ የሆነ ነገር መሥራት ጀመረ። ሌሎች «ሚኒማሊስት» አሉት፤ እሱ ስሙን አልወደደውም።

በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለውን የ1967ቱን ሥራውን ለአብነት እንውሰድ። ዚንክ ከተነከረ ብረት የተሠሩ፣ አረንጓዴ ላከር የተቀቡ አሥራ ሁለት ሣጥኖች ናቸው። እያንዳንዱ ቁመቱ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ከግድግዳው 79 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይወጣል። ከወለል እስከ ጣራ እንደ መሰላል ተደርድረዋል። በሁለት ሣጥን መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከሣጥኑ ቁመት ጋር እኩል ነው። ብረቱ ይቆጠራል፤ ባዶውም ይቆጠራል። የተደበቀ ምሥጢር የለም፤ ያየኸው ነው ያለው።

ሣጥኖቹን በገዛ እጁ አላጠፋቸውም። ከ1964 ጀምሮ ንድፉን ይዞ የሚሄደው በርንስታይን ወንድማማቾች ወደሚባል የኒውዮርክ የላሜራ ወርክሾፕ ነበር። ከ1984 ወዲህ የመጡትን ባለ ብዙ ቀለም የአሉሚኒየም ሥራዎቹን ደግሞ ሌኒ የተባለ የስዊዘርላንድ ፋብሪካ ሠራለት፤ ቀለሞቹ የሚመረጡት ፋብሪካዎች ከሚጠቀሙበት የቀለም ዝርዝር ነበር። በ1960ዎቹም የሞተር ብስክሌት ቀለም ሳይቀር ተጠቅሟል።

«ታዲያ እሱ ምን ሠራ?» የሚል ይኖራል። መሐንዲስ ድንጋይ አይሸከምም፤ ቤቱ ግን የእሱ ሐሳብ ነው። ከዚህ ይልቅ እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የብዙዎቹን ሥራዎች ጀርባ ገልብጠህ ብታይ ብረቱ ላይ ማኅተም ታገኛለህ፤ የጀድ ስም፣ ቁጥር፣ አጠገቡም የበርንስታይን ወንድማማቾች ስም። ላሜራ አጣፊው ተሰውሮ አልቀረም። አርቲስቱ ከስሙ ጎን የወርክሾፑን ስም አስመትቶለታል! ባለሙያን እንዲህ በስሙ የሚጠራ ስንት አለ? የእኛዎቹ የኮንዶሚኒየም መመረቂያ ሰሌዳዎች ላይ የባለ ሥልጣን ስም እንጂ የግንበኛ ስም ያየ እጁን ያውጣ።

ስለዚህ ብረቱን ተዉት። ብረቱ ሐቀኛ ነው። ሠሪው ታውቋል፣ ልኩ ታውቋል፣ ዕቃው ከምን እንደተሠራ ታውቋል። ያልታወቀው ሽያጩ ነው።

አራሹ ሌላ፣ ጎራሹ ሌላ

አንደኛው ክሴ ይኸው። ከዚያች ምሽት 14,165,000 ዶላር ውስጥ ጨረታ ቤቱ ከገዢው ብቻ 1,665,000 ዶላር ወሰደ። ቀሪውን የሻጩና የቤቱ ውል አከፋፈለው። የሠሪው ድርሻስ? ዜሮ! የአሜሪካ የፌደራል ሕግ ለሠሪውም ሆነ ለወራሾቹ ከድጋሚ ሽያጭ አንዲት ሳንቲም አይሰጥም። ጀድ በ1994 ሞቷል። ነገር ግን በሕይወት ቢኖርና ከአዳራሹ ኋላ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ልዩነት አልነበረውም፤ እንደ ማንኛውም ተመልካች አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ነበር የሚሄደው።

ይህ ዛሬ የተጀመረ ጉዳይ አይደለም። ኦክቶበር 18 ቀን 1973 ሮበርት ስካል የተባለ የታክሲ ባለ ሀብት የሰበሰባቸውን ሥዕሎች እዚያው ኒውዮርክ አስጫረተ። ከሮበርት ራውሸንበርግ በ900 ዶላር የገዛውን አንድ ሥዕል በ85 ሺህ ዶላር ሸጠ። ሠዓሊው አዳራሹ ውስጥ ነበር። ሽያጩ እንዳበቃ ስካልን ገፈተረው፤ እንዲህ የለፋሁት አንተን ላበለጽግህ ኖሯል ወይ ብሎ ካሜራ ፊት ተቆጣ። ከደጅ ደግሞ የስካል ታክሲ ነጂዎች መፈክር ይዘው ተሰልፈው ነበር። ልብ በሉ፤ ሠዓሊው ከውስጥ፣ ታክሲ ነጂው ከውጭ፣ ብሶታቸው ግን አንድ! የሚያርሰው ሌላ፣ የሚጎርሰው ሌላ።

ከዚያ በኋላ ካሊፎርኒያ በ1976 ለሠሪው ከድጋሚ ሽያጭ አምስት በመቶ የሚሰጥ ሕግ አወጣች። ጨረታ ቤቶቹ ጠበቃ ቀጥረው ተሟገቱ። በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሕጉ ከፌደራሉ የቅጂ መብት ሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ ከሞላ ጎደል ባዶ አስቀረው። የአምስት በመቶ ነገር እንዲህ አለቀ።

ፈረንሳይ ይህንን መብት በሕግ የጻፈችው በ1920 ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 መመሪያ አውጥቶ ለአባሎቹ ሁሉ አደረሰው። ከ50 ሺህ ዩሮ በታች ላለው ዋጋ አራት በመቶ ይላል፤ ዋጋው ሲያድግ መቶኛው እያነሰ ይሄዳል፤ ከ500 ሺህ ዩሮ በላይ ላለው ሩብ በመቶ ብቻ ነው። ድምሩ ደግሞ ከ12,500 ዩሮ አይበልጥም። እንግዲህ ያ የጀድ ሥራ ፓሪስ ላይ ተሸጦ፣ ወራሾቹም መብቱ ቢኖራቸው ኖሮ ትልቁ ድርሻ 12,500 ዩሮ ነው። ጨረታ ቤቱ በዚያች ምሽት ከገዢው ከወሰደው መቶኛ እጅ ገደማ ማለት ነው። ይህቺን ፍርፋሪ እንኳ ነው ኒውዮርክ የምትከለክለው።

አንዳንዱ «ዋጋው ሲጨምር አርቲስቱም ይጠቀማል፤ ቀጣዩን ሥራውን በውድ ይሸጣል» ይላል። እሺ፣ በሕይወት ላለና ጤና ላለው ይሁን። ለሞተውስ? እጁ ለተንቀጠቀጠውስ? የጀድን ነገር ተመልከቱ። በኑዛዜው ያቋቋመው ድርጅት እሱ በኒውዮርክና በቴክሳሷ ማርፋ ከተማ ተክሎ የተዋቸውን ሥራዎች ለመጠበቅ ገንዘብ አስፈልጎት፣ በ2006 ሰላሳ ስድስት ሥራዎችን እዚያው ክሪስቲስ አቅርቦ ሸጠ። በጠቅላላው የተገኘው 24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለሰላሳ ስድስቱ! ሰባት ዓመት ቆይቶ አንዱ ሥራ ብቻውን 14 ሚሊዮን ሲያወጣ ሕጉ ለድርጅቱ ያስቀመጠለት ድርሻ አልነበረም። የቀረውን ለማኖር ያለውን የሚሸጥ ቤት፣ በሬውን ሸጦ ሞፈር እንደሚገዛ ገበሬ ነው።

ዋጋው የሚሠራው ከመጋረጃ ጀርባ

ሁለተኛው ክስ ዋጋውን ራሱን ይመለከታል። ጨረታ ማለት በአደባባይ፣ በሁሉም ፊት፣ ብዙ የከፈለ የሚያሸንፍበት ነው ተብሎ ተነግሮናል። በእኛ አገር «ጨረታ» ሲባል አንባቢ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። ሰም የተደረገበት ፖስታ ሳይከፈት አሸናፊው ይታወቃል እየተባለ የሚታማበት አገር ልጆች ነን። የፈረንጁ ግን ንጹሕ ይመስለን ነበር። አይደለም!

እነሆ አሠራሩ። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚባል ምሥጢራዊ ወለል አለው። እዚያ ወለል እስኪደርስ ድረስ አጫራቹ ማንም እጁን ሳያነሣ «ከወዲያ በኩል ጨመሩ» እያለ ዋጋ መጥራት ይችላል። በሙያው ቋንቋ «ከመብራቱ የተሰጠ ዋጋ» ይሉታል፤ ጣራ ላይ የተንጠለጠለውን ያንን ትልቅ መብራት ማለታቸው ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተጫራች ከሰው ጋር የሚፎካከር መስሎት ከአምፖል ጋር ሲፎካከር ያመሻል!

ሁለተኛ፣ ዋስትና የሚሉት አለ። ጨረታ ቤቱ ገና ከሽያጩ በፊት ለሻጩ «ቢሸጥም ባይሸጥም ይህን ያህል እሰጥሃለሁ» ይለዋል። ከዚያ ዕዳውን ብቻውን እንዳይሸከም አንድ ሦስተኛ ሰው ፈልጎ ያስገባል። ይህ ሰው አስቀድሞ ዋጋ ይቆርጣል። ሌላ ሰው ካልበለጠው ዕቃው የእሱ ነው፤ ሌላ ሰው ከበለጠው ከትርፉ ይካፈላል። እንግዲህ ፍረዱ! ዳኛው ከሻጩ ጋር ተዋውሏል፣ ከተጫራቾቹ አንዱ ከዳኛው ጋር ተዋውሏል፣ እኛ ደግሞ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ «ገበያው ዋጋውን ወሰነ» የሚል እናነባለን።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል፤ ሐሜትም አይደለም፣ ፍርድ ቤት የፈረደበት ነው። ሶዝቢስና ክሪስቲስ፣ ሁለቱ የዓለም ታላላቅ ጨረታ ቤቶች፣ በ1990ዎቹ ተፎካካሪ መስለው ከደንበኛ የሚያስከፍሉትን ኮሚሽን በስውር ተስማምተው ወስነው ነበር። ተጋለጡ። የሶዝቢስ የቦርድ ሊቀመንበር የነበረው አልፍሬድ ታውብማን በዲሴምበር 2001 ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2002 የአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራትና 7 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ዶላር ቅጣት ተፈረደበት፤ ወኅኒም ወረደ። ሁለቱ ቤቶች ለተበደሉት ደንበኞች 512 ሚሊዮን ዶላር፣ እኩል እኩል፣ ለመክፈል ተስማሙ። የክሪስቲሱ ሊቀመንበር የነበረው አንቶኒ ተናንት ግን እንግሊዝ አገር ስለነበር አሜሪካ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቀረ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሥራ ላይ ጥበቃው ይጠብቃል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። በ2022 የኒውዮርክ ከተማ አስተዳደር የአጫራቾችን ፈቃድና ደንብ ጭራሹን አነሣው። ንግድ ለማቀላጠፍ ነው ተባለ። ጅቡ የበላውን አህያ ሲጠየቅ አጥሩን አፍርሶ «አሁን መተላለፊያው ሰፋ» እንደማለት ነው።

የገዛ ሁሉ ጌታ ነው?

ሦስተኛው ክስ የጌትነት ጉዳይ ነው። መዶሻው ሲወርድ የሚተላለፈው ዕቃው ብቻ ነው ወይስ በዕቃው ላይ እንደ ፈለጉ የመሆን ሥልጣንም ጭምር?

ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ከጀድ በፊት የነበረው ታላቁ ብረት በያጅ ዴቪድ ስሚዝ ሥራዎቹን በቀለም ይቀባ ነበር። በ1960 አንድ ቀይ ሥራውን ከገዢ እጅ ከገባ በኋላ ቀለሙን ተፍቆ አገኘው። ስሚዝ በአደባባይ ደብዳቤ ጽፎ ድርጊቱን አውግዞ ሥራውን ካደው። በ1965 በመኪና አደጋ ሞተ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ንብረቱን እንዲጠብቁ ከታመኑት አደራ ተቀባዮች አንዱ፣ ያውም የዘመኑ ስመ ጥር ሐያሲ ክሌመንት ግሪንበርግ፣ ነጭ የተቀቡ አንዳንድ ሥራዎቹ ቀለማቸው እንዲነሣ አደረገ። በ1974 ሮዛሊንድ ክራውስ የምትባል ጸሐፊ ጉዱን በመጽሔት አወጣችው። የሟች አደራ ተቀባዩ የሟችን ቀለም ፋቀ! አደራ በላ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ነገሩ ግን ነበር።

በጀድም የደረሰ አለ። ጁዜፔ ፓንዛ የተባለ ጣሊያናዊ ሰብሳቢ የጀድን ሥራዎች በወረቀት፣ ማለትም በንድፍና በምስክር ወረቀት ገዝቶ ነበር። በ1989 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ጋለሪ በእነዚያ ወረቀቶች ተመርቶ፣ ጀድን ሳያማክር ሥራዎቹን አሠርቶ አሳየ። ጀድ «የእኔ አይደሉም» ብሎ በ1990 በአደባባይ ካደ። ወረቀቱ የእሱ ነው፣ ልኩ የእሱ ነው፣ ዕቃውን ግን አያውቀውም። ታዲያ ለሚስቁት ወዳጆቼ መልሱ እዚህ ነው፦ «ማንም ላሜራ ሠሪ ይሠራዋል» ያላችሁትን ራሱ ሰብሳቢው ሞክሮት፣ ባለቤቱ ሐሰት ነው አለ። ጠርዙን፣ ቀለሙን፣ ልኩን እየቆመ የሚቆጣጠር ዓይን ከሌለ ሣጥኑ ሣጥን ብቻ ነው።

አሜሪካኖች በ1990 አርቲስቱ ሥራው እንዳይበላሽበት የሚጠብቅ ሕግ አውጥተዋል። ጥሩ ነው። ግን ጥበቃው በመሠረቱ አርቲስቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። ከሞተ በኋላ ያለው ጠባቂ የሰብሳቢው ሕሊና ነው። ሕሊና ደግሞ በጨረታ አይገዛም።

እኛና መዶሻው

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ካለ ወደ ደላንታ ልውሰደው።

አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ ሳምንት በኋላ፣ በኤፕሪል 1868፣ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ደላንታ ሜዳ ላይ ዘርግቶ ሁለት ቀን ሙሉ አጫረተ። መስቀሉ፣ ብራናው፣ ጽዋው፣ ሁሉም በመዶሻ ሄደ። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስም እዚያው ቆሞ ይገዛ ነበር። አምስት ሺህ ፓውንድ ያህል ተሰበሰበ፤ ለወታደሩም ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲያ ዝርፊያው ዝርፊያ መባሉ ቀርቶ «ግዢ» ሆነ። መዶሻ እንዲህ ያለ ተአምር አለው፤ የተሰረቀውን የተገዛ ያደርጋል።

በ2021 በእንግሊዝ አገር ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች ለጨረታ ሲወጡ ኢትዮጵያ ተቃወመች፤ ዕቃዎቹም ከሽያጩ ወጡ፤ በኋላም ተመለሱ። በ2024ም አንድ የመቅደላ ጋሻ እንዲሁ ከጨረታ ወጥቶ አገሩ ገባ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። መዶሻው የመጨረሻ ቃል የሚሆነው ዝም ሲሉት ብቻ ነው። «ቆይ፣ ከማን ወስደህ ነው የምትሸጠው?» ያለው ሰው አስቆሞታል።

የጀድ ብረት አልተሰረቀም፤ ተገዝቷል። ሁለቱን አንድ ናቸው አላልኩም። የምለው፣ በሁለቱም ቦታ መዶሻው የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ከመዶሻው በፊት የነበረውን ሁሉ ያስረሳል። ሠሪውን፣ ወርክሾፑን፣ አደራውን፣ ዕዳውን።

ዛሬ ደግሞ የሚሸጠው የራሳችን ልጆች ሥራ ነው። በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ በኖቬምበር 2023 አንድ ሥዕሏ ኒውዮርክ ላይ በ10 ሚሊዮን ከ700 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ደስ ብሎን አጨበጨብን። ገንዘቡ የሄደው ግን ለሻጩና ለጨረታ ቤቱ ነው። እሷስ በሥራዋ የቆመች ናት፤ ለሌላውም ትተርፋለች። ፒያሳና ቦሌ ጋለሪ ውስጥ ሥዕሉን ለቤት ኪራይ የሚሸጠው ወጣት ግን፣ ዛሬ የሸጠው ሥራ የዛሬ ሰላሳ ዓመት ፓሪስ ላይ መቶ እጥፍ ቢያወጣ ምን ያገኛል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ ደጃችን የሚመጣው። ይህንን መብት የሚደነግገው የበርን ስምምነት አንድ ቀዳዳ አለው። አንድ አርቲስት በሌላ አገር ከድጋሚ ሽያጭ ድርሻውን መጠየቅ የሚችለው የገዛ አገሩ ሕግ ያንኑ መብት የሚፈቅድ ከሆነ ነው። የአውሮፓውም መመሪያ የሚሠራው በዚሁ ነው። በአማርኛ ሲተረጎም፦ አዲስ አበባ ላይ ያልተጻፈ መብት ፓሪስ ላይ አይከፈልም! ፈረንሳዊው ሠዓሊ ድርሻውን ሲቀበል፣ የእኛው ልጅ «ያገርህ ሕግ ምን ይላል?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄውም ለሠዓሊው ሳይሆን ሕግ ለሚያወጡትና ሕግ ለሚያስፈጽሙት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የሠዓሊያንና የቅርጻ ቅርጽ ሠሪዎች ማኅበራት ይህንን ጉዳይ በስብሰባ አጀንዳ ጫፍ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ያድርጉት። ከድጋሚ ሽያጭ የሚገኘው ድርሻ በማያሻማ ቃል ይጻፍ፣ ሰብሳቢውም ይታወቅ፣ ሒሳቡም ይመርመር፤ አለበለዚያ ከአንዱ ጅብ አስጥሎ ለሌላው ጅብ መስጠት ነው። ሁለተኛ፣ ሥራውን የሚሸጥ ሁሉ ለማን፣ በስንት፣ መቼ እንደ ሸጠ የሚያሳይ ወረቀት ይያዝ፤ ቀለሙ እንዳይነካ፣ ሲሸጥም እንዲነገረው በውል ያስጽፍ። ሦስተኛ፣ ብረቱን ያጠፈው፣ የበየደው፣ ቀለሙን የረጨው ባለ እጅ ስሙ ከሥራው ጀርባ ይመታ። አሜሪካዊው ካደረገው እኛን ምን ያግደናል?

ሻይ ቤት ለሳቁት ወዳጆቼም የመጨረሻ ቃል አለኝ። ቆርቆሮ 14 ሚሊዮን ዶላር አወጣ ብላችሁ አትሳቁ። ከ14 ሚሊዮኑ ውስጥ ለቆርቆሮ ሠሪው ስንት ደረሰው ብላችሁ ጠይቁ። መዶሻው የሚፈራው ሳቅን አይደለም፤ ይህችን አንዲት ጥያቄ ነው።

ቸር ይግጠመን!